ግዝት የማይዘው ትውልድ

በሰሜን ሸዋ ስለ ሃይማኖትና ስለ አገር ጉዳይ የተጀመረ ጨዋታ ሁሉ ብዙ ሳይርቅ ወደ አንድ እሮሮ ይገባል፤ «የዛሬ ልጅ እግዚአብሔርን አይፈራም» ይባላል፤ ተቀማጩም ራሱን ይነቀንቃል። እኔ በዚህ እሮሮ አልተባበርም። በደብረ ብርሃን የምንኖር ሰዎች በክብረ በዓል ቀን የሥላሴን ቅጽር የሚሞላው ማን እንደ ሆነ እናውቃለን። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ መንገዱን ጠርጎ ምንጣፍ የሚያነጥፈው፣ ታቦቱ ካለፈ በኋላ ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደ ፊት እየሮጠ እንደገና የሚዘረጋው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ ለብሶ ሲያሸበሽብ የሚውለው ወጣት ነው። የአባቶቻችን ትውልድ በዚያው ዕድሜ ሳለ እንዲህ አላደረገም፤ አንዳንዱ በደርግ የወጣቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነበር፤ አንዳንዱም ቤተ ክርስቲያን መሳሙን ከካድሬ ይደብቅ ነበር። እምነት ጠፋ የሚለው ወሬ ቢያንስ በእኛ አገር በዓይን ከሚታየው ጋር አይገጥምም።

የጠፋው ሌላ ነው። ማን ይንገሥ፣ መሬቱ የማን ይሁን፣ የፈሰሰው ደም በምን ይድረቅ፣ ዛሬ ይታረስ ወይስ አይታረስ በሚሉ የአደባባይ ጉዳዮች ላይ ቤተ ክርስቲያን የነበራት የማሰርና የመፍታት ሥልጣን በሦስትና በአራት ትውልድ ውስጥ ከእጇ ወጥቷል። ይህ የሆነው ሰው ስለ ካደ አይደለም። ሥልጣኑ የቆመባቸው ነገሮች አንድ በአንድ ስለ ተወሰዱ ነው፤ አብዛኞቹን የወሰደው መንግሥት ነው፤ ጥቂቶቹን ደግሞ አባቶች ራሳቸው አሳልፈው ሰጥተዋል።

ሥልጣኑ ምን ያህል እንደ ነበረ ለማየት ከአገራችን መውጣት አያስፈልግም። በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገቡ የሃይማኖት ነገር ከስምምነቱ ተለይቶ አልቀረም፤ በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤም በሸዋ ቤተ መንግሥትና በደብረ ሊባኖስ ሥር ሰዶ የኖረው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ከዚያ ቀደም ብሎ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበርን ሲያናውጥ የኖረውም ይኸው ክርክር ነው። ስለ ክርስቶስ ልደት ሊቃውንት የሚከራከሩት ክርክር የግብርና የታማኝነት ጉዳይ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ምሳሌ ግን ሰገሌ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን ወራሽ አድርገው ሲያሳውጁ ቃላቸው የታጠረው በግዝት ነበር፤ ይህን ቃል ያፈረሰ ጥቁር ውሻ ይውለድ የሚለው እርግማን እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ አለ። መኳንንቱ ከዓመታት በኋላ ኢያሱ ሰለመ ብለው ሊያወርዱት ሲነሡ ከጦሩ ይልቅ ያስቸገራቸው መሐላቸው ነበር፤ መሐላውን ሊፈቱ የሚችሉትም ጳጳሱ ብቻ ነበሩ። አቡነ ማቴዎስ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ፈቷቸው። ልጃቸውን ለመታደግ ከወሎ የተነሡት ንጉሥ ሚካኤል በመጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ግን ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። የአያቴ አባት ሰገሌ ዘምተው ነበር፤ አያቴ እንዳጫወቱን፣ «መሐላችሁን አፍርሳችሁ እንዴት ተዋጋችሁ?» የሚል ልጅ በመጣ ቁጥር የሚሰጡት መልስ «ጳጳሱ ፈትተውናል» የሚል ብቻ ነበር። ኢያሱ በእውነት ስለመስለሙ የመረመሩት ነገር አልነበረም፤ መመርመርም የእሳቸው ድርሻ አልነበረም።

ጣሊያንም ይህን ጉልበት ሳይገነዘብ አልቀረም። የፍቼው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ አውግዘው አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስፈጀ። ቃላቸው የማይፈራ ሰዎችን እንዲህ አድርጎ የሚያጠፋ የለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንዴት ፈረሰ? በወረቀት ላይ ሲታይ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን እጅግ ከፍ ብሎ የተጻፈው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 126 የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እርሷ መሆኗና ንጉሠ ነገሥቱ ምንጊዜም የእርሷን እምነት እንዲይዝ ተደንግጎ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ከዚያ ምንም አልቀረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ከሌሎች ደጋፊዎቻቸው ጋር ሆነው በአዲስ አበባ አደባባይ የሃይማኖት እኩልነት ሲጠይቁ፣ ጥያቄው ለአንድ እምነት የተለየ ወንበር ያስቀመጠውን ሥርዓት የሚመለከት እንጂ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የሚነካ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ «ሲሶ ለቀዳሽ» ይባልለት የነበረውን መሬት ወሰደ። በእኛ አጥቢያ የሰሞን መሬት የነበረው፣ ካህናት ለአገልግሎታቸው የያዙት መሬት ማለት ነው፣ ለገበሬ ተከፋፈለ፤ ቄሰ ገበዙም እንደ ማንኛውም ገበሬ ድርሻቸውን ተቀብለው ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲያ ካህኑ ከምእመኑ የሚጠብቁ ሆኑ እንጂ ምእመኑ ከካህኑ የሚጠብቀው እርሻ አልነበረም። ሰዎች ይህን ለውጥ ስለ ሀብት ብቻ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን መሬት የሌለው ሰው ግዝት ጉልበቷ ምን ያህል እንደሚቀንስ ያየነው ያኔ ነው እላለሁ። አባቴ በዚያን ጊዜ የዕድገት በኅብረት ዘማች ነበሩ፤ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሄደው ለሰው መሬት ሲያከፋፍሉ፣ እዚህ አባታቸው ከደብሩ አገልግሎት ጋር የያዙት መሬት ሲከፋፈል አልነበሩም። አያቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልወቀሷቸውም፤ አባቴም አንድም ቀን አላነሡትም።

ከመሬቱ ጋር ፍርዱም ሄደ። የገበሬ ማኅበሩ የራሱ ፍርድ ሸንጎ ነበረውና ድንበር የተጋፋ ሰው ወደዚያ ይጠራ ጀመር። ቀድሞ እንዲህ ያለው ነገር የሚያልቀው ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካህን መስቀል ይዘው፣ ተከሳሹ በታቦቱ ስም ምሎ ነበር። በሐሰት የማለ ሰው ልጁ እንደሚሞት፣ ቤቱ እንደሚፈርስ ከሳሹም ተከሳሹም ያምናሉ፤ ስለዚህ ብዙ ሙግት ሰው ከመማል ይልቅ መሬቱን መተው ስለሚመርጥ ይቋጫል። ዛሬ በወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ብትቆሙ ሰው ከመሐላ ይልቅ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ታቅፎ ታያላችሁ። ይህ በራሱ መጥፎ ነው አልልም፤ ሴቶች በባላቸው መሬት ላይ ስማቸው ተጽፎ ያገኙት በደብተሩ ነው፤ በቀድሞው የሽማግሌ ሸንጎ ላይ ግን የሴት ቃል ምን ያህል ይሰማ እንደ ነበር እናቶቻችን ያውቁታል።

አሁን ወደ በዓላቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም የቤተ ክርስቲያን የአደባባይ ሥልጣን በየቀኑ የሚታየው እዚያ ነበርና። መንዝን፣ ተጉለትን፣ ቡልጋን፣ ሞረትን የሚያውቅ ሰው የወሩን ቀናት በቅዱሳን ስም ይቆጥራል፤ በአቦ፣ በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በተክለ ሃይማኖት፣ በመድኃኔ ዓለም፣ በበዓለ ወልድ። ሁሉም አጥቢያ ሁሉንም እኩል አያከብርም፤ ግዝት የሆነውን ቀን ግን ሞፈር መያዝ የግል ኃጢአት ብቻ አልነበረም። አንዱ ቢያርስ በረዶ የሚወርደው በሁሉም ላይ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ጎረቤቱ በሬውን የሚያስፈታው ስለ ራሱ እህል ሲል ነው። በዚህ ሁኔታ ሕግ አውጪው ቤተ ክርስቲያን፣ ሕግ አስከባሪው መላው አጥቢያ ነው። ደርግ በዓል ይቀነስ ብሎ በስብሰባ ሲጮህ ሰው አዎ አዎ እያለ ያጨበጭብና በማግሥቱ በሬውን አይጠምድም ነበር። የግብርና ባለሙያዎች ከዚያ ወዲህ በየመንግሥቱ ይህንኑ ሲመክሩ ኖረዋል፤ ምክራቸው ብዙም አልያዘም።

ካድሬና ባለሙያ ያልቻሉትን ያደረገው ፋብሪካና መስኖ ነው። በምንጃር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ወጣት ውኃው የሚደርሰው በተራ ነው፤ ተራው በሚካኤል ቀን ከዋለ ሽንኩርቱ እስከ ማግሥቱ አይጠብቀውም፤ የጭነት መኪናውም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ነጋዴው በቀጠረው ቀን ነው። በደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ በቢራ ፋብሪካዎቹ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ የሚሠሩ ልጆች ደግሞ ወርኃዊ በዓል የሚባል የዕረፍት ቀን የላቸውም። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ጿሚዎች ናቸው፤ የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው ሳይተኙ ኪዳን የሚያደርሱ አውቃለሁ። ቀናቸውን የሚያዝዘው ግን የፈረቃ ሰሌዳው ነው። ከእነርሱ አንዱን፣ የወንድሜን ልጅ፣ በማርያም ዕለት ወደ ሥራ ሲሄድ አግኝቼው «በረዶውስ?» አልሁት። «ጋሼ፣ እኛ ጋ ጣሪያ አለ» ብሎ ሳቀ። ቀልድ ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ነው፤ የአንዱ ሥራ የሌላውን እህል የማይነካበት ኑሮ ከመጣ ወዲህ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያስገድድበት ምክንያት ተቋርጧል።

የንስሐ አባት ነገርም እንዲሁ ተለውጧል። በአያቴ ዘመን የንስሐ አባት ከቤት ጋር የሚወረሱ ነበሩ፤ የአባት ንስሐ አባት የልጅም ይሆናሉ፤ የባለጠጋውም የጭሰኛውም ምስጢር በእጃቸው ስለ ነበር ሁለቱ ሲጋጩ ከሁሉ በፊት የሚጠሩት እርሳቸው ነበሩ። የእኅቴ ልጅ ንስሐ አባቷን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ስብከታቸውን በስልክ ሰምታ ወደዳቸው፣ አዲስ አበባ ድረስም ትሄዳለች። ከእናቷ ይልቅ ብዙ ትጾማለች፣ ብዙም ታነብባለች። ንስሐ አባቷ ግን የአጥቢያችንን ጠብ አያውቁም፤ ቢያውቁም የሚሰማቸው እሷ ብቻ ነች። መንፈሳዊነቱ ጠልቋል ለማለት ይቻላል፤ ሰፈር የሚያስታርቅ ሰው ግን ከመካከላችን ወጥቷል።

ወጣቱ ለቤተ ክርስቲያን አይታዘዝም የሚሉትን ሰዎች የጥር 2015 ዓ.ም. ነገር ዝም ሊያሰኛቸው ይገባ ነበር። ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን ብለው በተነሡ ጊዜ፣ ሲኖዶሱ የነነዌን ጾም ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ እንዲያሳልፍ አወጀ፤ በደብረ ብርሃን ጎዳናም፣ በትምህርት ቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም ጥቁር ያልለበሰ ወጣት መፈለግ ያስቸግር ነበር። ለየካቲት 5 የተጠራው ሰላማዊ ሰልፍ የተላለፈው ከመንግሥት ጋር ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ነው። አንድ መንግሥት ከአንድ ሲኖዶስ ጋር እንዲህ እንዲደራደር ያስገደደ ኃይል ከየት እንደ መጣ ግልጽ ነው፤ ከእነዚያ ልጆች ነው።

ነገር ግን ይህንኑ ኃይል ከሌላው ጎን ማየት ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ የሁለቱም እምነት አባቶች ቃል እሳቱን ሊያቆም አልቻለም፤ ጠቡ የተሰለፈው በብሔር ነበርና ካህኑም ሼሁም ከመናገራቸው በፊት የየትኛው ወገን እንደ ሆኑ ይጠየቁ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተቀሰቀሰውን ግጭት በተመለከተም ሲኖዶሱ ስለ ሰላም ደጋግሞ ተማጽኗል፤ ተማጽኖው ወደ የትኛውም ወገን ምሽግ እንደ ትእዛዝ አልገባም። ያው ጥቁር የለበሰ ትውልድ ነው። አባቶች ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሲጠሩት ይወጣል፤ ስለ ራሱ ጠብ ሲናገሩት ግን አይሰማም። እንደ እኔ እምነት የዘመናችን ለውጥ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለአያቶቻችን ቤተ ክርስቲያን በመካከላቸው የተቀመጠች ዳኛ ነበረች፤ ለልጆቻችን ግን የእነርሱ የሆነች፣ ሊጠብቋት የሚገባ፣ ተጠቃች ሲሉ የሚሞቱላት ርስት ናት። ለርስቱ የሚሞት ሰው አለ፤ ርስቱ እንዲፈርድበት የሚፈቅድ ግን የለም።

አባቶችስ ለዚህ ምን አደረጉ? ወጣቱ ታሪክ አያውቅም ይባላል፤ በክፍል ውስጥ የማስተምራቸው ልጆች ግን የፓትርያርኮቹን ነገር አሳምረው ያውቃሉ። አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ በ1968 ዓ.ም. አውርዶ አሰረ፣ በኋላም ገደለ፤ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበር ወረዱ፤ አቡነ ጳውሎስ በ1984 ዓ.ም. ተሾሙ፤ ሲኖዶሱም አገር ቤትና ስደተኛ ተብሎ ተከፍሎ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በዚህ ላይ የትግራይ ጦርነት ሌላ መለያየት አመጣ፤ በትግራይ ያሉ አባቶች የራሳቸውን መንበር አቆሙ። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሃይማኖትና መንግሥት መለያየት ስናወራ፣ «መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መንበሩ የሚነቃነቅ ከሆነ እኛን ከመንግሥት ጋር ማን ያስታርቀናል?» አለኝ። ተሳስተሃል ልለው አልቻልሁም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል፤ የድሮው ሰው ይህን አንቀጽ ቤተ ክርስቲያንን ከዙፋን ያወረደ አድርጎ ያነብበዋል፤ የዛሬው ወጣት ግን መንግሥትን ከቅጽሩ ለማስወጣት ይጠቅሰዋል።

በቀወትና በአንኮበር ቆላ፣ በአልዩ አምባ በኩል ካሉ ሙስሊም ወዳጆቼ ጋር ስንጫወት ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን እረዳለሁ። እነርሱም ሼሁ ዱዓ አድርገው ያስታረቁትን ሰው ያስታውሳሉ፤ በ2004 ዓ.ም. «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ የወጣው ትውልድ ግን ከሼሆቹ ይልቅ ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ መጅሊሱን መንግሥት ይልቀቅልን አለ። ጥያቄው ከእኛ ልጆች የ2015 ጥያቄ ጋር ወንድማማች ነው፤ ሁለቱ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ኖሮ ብዙ ይግባቡ ነበር። አልተነጋገሩም።

የቀድሞው ሥልጣን ይመለስ የሚሉ ሰዎች በአጥቢያችን አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። በሕዝብ ቆጠራ የኦርቶዶክስ ምእመናን ድርሻ በ1987 ዓ.ም. ከአገሪቱ ሕዝብ 50.6 በመቶ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 43.5 በመቶ ነበር፤ እንዲህ ባለች አገር አንዱ ጳጳስ መሐላ ፈትቶ ንጉሥ የሚያወርድበት ሥርዓት ለሰሜን ሸዋ ቢጥም እንኳ ለሌላው ቀንበር ነው። ሰገሌ ላይ የወደቁትን የወሎ ሰዎች ልጆች ስለዚያ ግዝት ምን እንደሚሉ መጠየቅ ይገባል። የሚያሳስበኝ የሥልጣኑ መውረድ አይደለም፤ ዳኛው ከወንበሩ ሲነሣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ነው። በመሬት ነገር ፍርድ ቤት ተቀመጠ፤ በጊዜ ነገር ፋብሪካ ተቀመጠ፤ በደም ነገር ግን ማንም አልተቀመጠም፤ በስልክ የሚጮኸው ሁሉ ወንበሩን ከበው ከቆሙት ነው።

በአጥቢያችን ያሉት ቄሰ ገበዝ በቅርቡ በሁለት መንደር መካከል በግጦሽ የተነሣ ጠብ ሲፈጠር ብቻቸውን አልሄዱም። የእድሩን ዳኛ፣ ከታች ቀበሌ አንድ ሼህ፣ ጡረታ የወጡ አንድ ወታደር፣ እኔን ከትምህርት ቤት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱም ሁለት ወጣቶች ይዘው ሄዱ። መስቀላቸውን ያወጡት በመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁላችንም ተናግረን፣ ልጆቹ ደግሞ ከወዲያኛው መንደር እኩዮቻቸው ጋር ለብቻ ተነጋግረው ነበር። የግጦሹ ድንበር ተከለለ፤ ጥይት የተኮሰው ልጅ የማን ወገን ነው በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም፤ ለሚመጣው ወር እንደገና ተቀጣጥረናል። ቄሰ ገበዙ በዚያ ቀጠሮ ከሁለቱም መንደር ሴቶች እንዲገኙ ጠይቀዋል።